ሩጫው ነው ወይስ ምግቡ? ስለ ስፖርት፣ ስለ ወር አበባና ስለ ሆርሞን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ19 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በአንድ የአትሌቲክስ ክለብ ውስጥ የረጅም ርቀት ሩጫ እሠለጥናለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሐይቁ ዳር ተነሥተን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ቤዛዊት እንወጣለን፤ ስንመለስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠናል። በነቢያት ጾምም አሁን በያዝነው ዐቢይ ጾምም እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ ከልምምድ በኋላ ከውኃ በቀር የምቀምሰው ነገር የለም። ክብደቴ ከ54 ኪሎ ወደ 50 ወርዷል። የወር አበባዬ ቀድሞ በየ30 ቀኑ ይመጣ ነበር፤ ከኅዳር ወር ወዲህ ግን አላየሁም። አሰልጣኜን ለመጠየቅ ስላፈርሁ አብረውኝ የሚሮጡትን ባማክራቸው «ሰውነትሽ ጠነከረ ማለት ነው፤ ከጣጣው ተገላገልሽ» አሉኝ። እናቴ ደግሞ «ይህ ሩጫ መካን ያደርግሻል» እያለች ታለቅሳለች። ሰሞኑን ቅልጥሜ ላይ ሕመም ይሰማኛል። ሩጫውን መተው ይኖርብኛል?
(ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ጓደኞችሽም እናትሽም የተናገሩት ለአንቺ አስበው እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ሆኖም የሁለቱም ግምት ትክክል አይደለም። በልምምድ ላይ ያለች ሴት የወር አበባ መቅረቱ የጥንካሬ ምልክት አይደለም፤ ሩጫም በራሱ ሴትን መካን አያደርግም። ከጻፍሽልን ነገር ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የሮጥሽው ርቀት ሳይሆን፣ ከልምምድ እስከ 9 ሰዓት ያለ ምግብ የምትቆዪው ረጅም ጊዜና የወረደው 4 ኪሎ ነው።

የወር አበባን ዑደት የሚመራው ማኅፀን ሳይሆን አንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በዑደቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ በሚሆን ልዩነት ትንሽ ትንሽ ሆርሞን ይለቃል፤ ይህም ከሥሩ ያለውን የፒቱታሪ ዕጢ ቀስቅሶ ኤፍ ኤስ ኤች እና ኤል ኤች የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም እንዲልክ ያደርገዋል። እነዚህ ሁለቱ ኦቫሪን አዝዘው እንቁላል ያሳድጋሉ፤ እያደገ ያለው የእንቁላል ከረጢት ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያመርታል፤ ኤስትሮጅኑ ከፍ ሲል ኤል ኤች በአንድ ጊዜ ይጨምርና ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሉ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላ ሆርሞን ይነግሣል፤ እርግዝና ከሌለ ኤስትሮጅንም ፕሮጄስትሮንም ይወርዱና ደም ይፈሳል። ስለዚህ በመነሻው ላይ ያለው የሃይፖታላመስ ምት ከተዛባ፣ ኦቫሪውም ማኅፀኑም ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው የወር አበባ ሊቆም ይችላል።

ይህን ምት የሚያዛባው ምንድን ነው? ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ጥፋቱን በልምምዱ ድካም ወይም በስብ መቀነስ ላይ ይጥሉ ነበር። አን ላውክስ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ግን ነገሩን በቅርብ ለማየት አስችሏል። የወር አበባቸው የተስተካከለ 29 ወጣት ሴቶችን ለአምስት ቀናት ልምምድ እያሠሩ፣ ለልምምዱ ከወጣው ጉልበት የሚተርፍላቸውን ምግብ በልክ እየቀነሱ የኤል ኤችን ምት ለኩ። ከስብ ውጪ ባለው የሰውነት ክብደት በየኪሎው በቀን 45 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው) ሲተርፍ ምቱ ጤናማ ነበር፤ 30 ሲተርፍም ብዙ አልተነካም፤ ከ30 በታች ሲወርድ ግን ምቱ እየራቀ ሄደ። ልብ በዪ፤ ለውጡ የታየው በወራት ሳይሆን በአምስት ቀናት ነው። የእኚሁ ተመራማሪ ቀደም ያለ ሥራም፣ ለልምምዱ የወጣው ጉልበት በምግብ ከተተካ የልምምዱ ጫና ብቻውን ምቱን እንደማያዛባ አሳይቷል።

ይህን ስሌት በአንቺ ላይ እንሞክረው። 50 ኪሎ ትመዝኛለሽ፤ ስቡ ሲቀነስ 42 ኪሎ ይቀራል እንበል። በየኪሎው 45 ኪሎ ካሎሪ ለማትረፍ 1,890 ያስፈልግሻል። ሩጫ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ወደ 1 ኪሎ ካሎሪ ስለሚፈጅ 15 ኪሎ ሜትር 750 ያህል ይወስዳል። እንግዲህ በቀን 2,640 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መመገብ ይኖርብሻል ማለት ነው፤ ከ2,010 በታች ከሆነ ደግሞ ከ30ው መስመር ወርደሻል። ይህ መስመር ለሁሉም ሴት እኩል የሚሠራ የድንበር ምልክት አይደለም፤ አንዷ ከእሱ በላይ ሆና ዑደቷ ሲዛባ ሌላዋ ከእሱ በታችም ትቆያለች። ነገር ግን በ9 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ማታም አንድ ጊዜ ሽሮና ጎመን በእንጀራ እየበሉ 2,640 መድረስ እጅግ ከባድ እንደሆነ ማንም ያያል። የጾም ምግባችን ጤናማ ቢሆንም አሠር የበዛበት ስለሆነ ጉልበቱ ሳይሞላ ሆዱ ቀድሞ ይሞላል፤ ሯጯም ጠግባ ተነሣሁ ብላ በእርግጥ ሳይበቃት ትውላለች። የሚታለሉት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ትጉዎቹ ልጆች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ገቢው ያነሰበት ቤተሰብ አስቀድሞ የሚተወው ድግሱን እንጂ የዕለት እንጀራውን እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሰውነትም ጉልበት ሲያጥረው ልብንና አንጎልን እየመገበ ለመራባት የሚያወጣውን ያቆማል። ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ቲ3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ይወርዳል፤ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል ይጨምራል፤ በመጨረሻም ኤስትሮጅን ልጅነት ዕድሜ ላይ ወደነበረበት መጠን ሊመለስ ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን ችግር በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የጉልበት እጥረት በሚል እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቶ በ2018 እና በ2023 ያሻሻለው፣ ጉዳቱ በወር አበባ ላይ ብቻ የሚቆም ስላልሆነ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ አጥንትሽ ነው። ኤስትሮጅን የአጥንትን መፍረስ ይገታል፤ ሴት ልጅ ለዕድሜ ልኳ የምትጠቀምበትን አጥንት የምታከማቸው ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜዋ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። ባርባራ ድሪንክዎተርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ የወር አበባቸው የቆመ አትሌቶች የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት የወር አበባቸው ካልተቋረጠ አትሌቶች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሩጫ አጥንትን ያጠነክራል፤ ያለ ኤስትሮጅን ግን ያው ሩጫ አጥንትን ይሰነጥቃል። ስለዚህ የቅልጥምሽን ሕመም እንደ ተራ ድካም አትቁጠሪው። በጣትሽ ስትጫኚ አንድ ቦታ ላይ ነጥሎ የሚያምሽ ከሆነ፣ ወይም ተኝተሽም የሚቀሰቀስ ከሆነ፣ ሐኪም እስኪያይሽ ድረስ ሩጫውን ዛሬውኑ አቁሚ። ስንጥቁ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችልም እወቂ፤ ራጁ ንጹሕ ነው መባሉ ብቻ ወደ ልምምድ አይመልስሽም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? የወር አበባዋ የተስተካከለ ሴት ሦስት ወር ከቀረባት መመርመር አለባት፤ አንቺ ደግሞ ይህን አልፈሻል። ሰበቡ ሩጫና ምግብ መሆኑ የሚረጋገጠው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ስለሆነ በራስሽ ግምት አትቆዪ። በከተማችሁ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ስላሉ ቀርበሽ ታዪ። ቀድሞ የሚሠራው የእርግዝና ምርመራ ነው፤ ይህ ለማንኛዋም ሴት የሚደረግ ስለሆነ አትቀየሚ። ከዚያ የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን)፣ የኤፍ ኤስ ኤች፣ የኤል ኤች፣ የኤስትሮጅንና የደም ማነስ ምርመራ እንዲሁም አልትራሳውንድ ይታዘዝልሻል። ኤስትሮጅንም ኤል ኤችም ዝቅ ብለው ሌላው ደኅና ከሆነ ግምታችን ይጸናል። ኤፍ ኤስ ኤች ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ችግሩ ከኦቫሪ ስለሚሆን ሕክምናው ሌላ ነው። ደም እንዲመጣ ብቻ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ቢሰጥሽ፣ በክኒኑ የሚመጣው ደም የራስሽ ዑደት መመለሱን እንደማያሳይና አጥንትሽንም እንደማይጠብቅልሽ ተረጂ፤ የአሜሪካ የኢንዶክሪን (የሆርሞን) ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያም ለዚህ ዓላማ ክኒን መስጠትን አይመክርም።

መድኃኒቱ ምግብና ዕረፍት ነው። ለጊዜው ርቀቱን ቀንሺ፤ በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ዕረፊ፤ ከልምምድ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ብዪ። ስለ ጾሙ የምናገረው የሕክምናውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸውና እሳቸው በሚሉሽ ተጓዢ። ሰዓቱን መጠበቅ ካለብሽ ልምምዱን ወደ 11 ሰዓት ማታ ማዛወር ይቻላል፤ በ9 ሰዓት ቀለል ያለ ምግብ በልተሽ፣ ከሩጫው መልስና ከመኝታ በፊት ሁለት ጊዜ በደንብ መመገብ ትችያለሽ። በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት የያዘውን ምረጪ፦ 100 ግራም ለውዝ ከ550 ኪሎ ካሎሪ በላይ አለው፤ በሶ በስኳር ወይም በማር የተበጠበጠ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ አቮካዶና ሙዝም ይረዱሻል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ስለሚያግዱ አንድ ሰዓት ያህል አዘግዪያቸው።

ለእናትሽ የምትነግሪያቸውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስፖርት ሠርተው የማያውቁ 28 ወጣት ሴቶችን ወስዶ፣ ሩጫቸውን በቀን ወደ 16 ኪሎ ሜትር ሲያሳድግ ዑደታቸው ሳይዛባ የዘለቀው 4ቱ ብቻ ነበሩ፤ ክብደት እንዲቀንሱ የተደረጉት ደግሞ ይበልጥ ተጎድተዋል። ሆኖም ጥናቱ ካበቃ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የሁሉም የወር አበባ ተስተካክሏል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ወርቅ አግኝታ፣ በ1998 ልጅ ወልዳ፣ በ2000 በሲድኒ እንደገና ወርቅ ወስዳለች፤ ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 ወልዳ በዓመቱ በሪዮ ነሐስ አግኝታለች። ዑደቱ ሲመለስ እንቁላሉ ከደሙ ቀድሞ እንደሚወጣም አትርሺ፤ የወር አበባ ያልታያት ሴት ልታረግዝ ትችላለች።

አሰልጣኝሽንም ንገሪው። ልጆቹን ስለ ሰዓታቸው በየቀኑ የሚጠይቅ አሰልጣኝ ስለ ወር አበባቸውም በየወሩ ሊጠይቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ እሱ ካፈረ ደግሞ ክለቡ ይህን የምትከታተል ሴት ባለሙያ ሊመድብ ይገባል።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት መምህርት ነኝ። ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ሲሆን በሳምንት ሦስት ቀን ጂም እሄዳለሁ። የጂሙ አሠልጣኝ ወሩን በአራት ከፍሎ፣ በወር አበባ ሳምንት ምንም እንዳልሠራ፣ በሌሎቹ ሳምንታትም የተለያየ ልምምድ እንድሠራ መርሐ ግብር ሰጠኝ። በሌላ በኩል ልጅ ስለምንፈልግ በወር አበባዬ በ9ኛው ቀን ከጂም ስመለስ ደም ሰጥቼ ነበር፤ ፕሮጄስትሮንሽ ዝቅተኛ ነው፣ ስፖርቱ እንቁላል እንዳታመርቺ አድርጎሻል ተባልሁ። ዑደቴ 34 ቀን ነው። ምን ይሻለኛል?
(መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በምርመራው እንጀምር፤ እርስዎን ያስጨነቀው እሱ ነውና። ፕሮጄስትሮን ከፍ የሚለው እንቁላል ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። በ9ኛው ቀን የማንኛዋም ጤናማ ሴት ፕሮጄስትሮን ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ስለ እንቁላልዎ የሚናገረው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ «በ21ኛው ቀን ይታይ» የሚባለው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው፤ ትክክለኛው ቀን የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 7 ቀን በፊት ስለሆነ ለእርስዎ 27ኛው ቀን ላይ ይውላል። በዚያን ጊዜ መጠኑ በሚሊ ሊትር ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል ማለት ነው። ፕሮጄስትሮን በዚያ ሳምንት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ በእጥፍ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ «3ን አለፈ ወይስ አላለፈ» ከሚለው ውጪ በቁጥሩ ትንሽነትና ትልቅነት አይጨነቁ።

ከጂም በቀጥታ ሄዶ ደም መስጠትም አይመከርም። ጠንካራ ልምምድ ኮርቲሶልን፣ የዕድገት ሆርሞንን፣ ፕሮላክቲንን፣ ኤስትሮጅንንና ፕሮጄስትሮንን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ አንደኛው ምክንያት በልምምድ ጊዜ ደም ወደ ጡንቻ ስለሚያደላ ጉበት ሆርሞኖቹን የሚያጣራበት ፍጥነት መቀነሱ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት፣ ስፖርት ሳይሠሩ ይመርመሩ፤ በወረቀቱ ላይም የዑደትዎን ቀን ያስጽፉ። የዑደቱ ቀን ያልተጻፈበት የሆርሞን ውጤት ምንኛ ብዙ ሴቶችን በከንቱ እንዳስለቀሰ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እርስዎ የሚሠሩት መጠነኛ ስፖርት፣ ምግብዎ በቂ እስከሆነ ድረስ፣ እንቁላል አይከለክልም። እንዲያውም ኢንሱሊን በሚገባ እንዲሠራ ስለሚረዳ፣ በኦቫሪ ላይ በሚታዩ ብዙ ከረጢቶችና በወንዴ ሆርሞን መብዛት ዑደታቸው ለሚዘገይ ሴቶች ከሚታዘዙት ሕክምናዎች አንዱ ነው። የእርስዎ 34 ቀንም ለአዋቂ ሴት ጤናማ በሚባለው ከ21 እስከ 35 ቀን ውስጥ ነው። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው ሐኪም ያማክሩ፤ 35 ዓመት ከሞላዎት በኋላ ግን ስድስት ወር ይበቃል።

መርሐ ግብሩን በተመለከተ፣ አሠልጣኙ የወር አበባን ከግምት ማስገባቱ መልካም ሆኖ ሳለ ጥብቅ ክፍፍሉን የሚደግፍ ማስረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ 78 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ በወር አበባ የመጀመሪያ ቀናት ብቃት በጥቂቱ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ልዩነቱ ግን እዚህ ግባ የማይባልና ከሴት ሴት የሚለያይ እንደሆነ ደምድሟል። እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2002 በቺካጎ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው የወር አበባ ቁርጠት እያመማት ነው። በወር አበባ ቀናት ስፖርት መሥራት ጉዳት የለውም፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚሠሩ ሴቶች ቁርጠታቸው ሊቀልላቸው እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ። ደሙ የሚበዛብዎት ወይም የሚደክምዎት ቀን ከሆነ ደግሞ ማረፍ መብትዎ ነው።

በሁለተኛው አጋማሽ ፕሮጄስትሮን የሰውነትን ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ስለሚያደርግ፣ በተለይ በባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ያው የብስክሌት መንገድ ከበድ ቢልዎት አይደንግጡ፤ ውኃ ጨምረው በማለዳ ይሥሩ። ከማንም መርሐ ግብር ይልቅ ለሦስት ወር ያህል የዑደትዎን ቀን፣ እንቅልፍዎንና የተሰማዎትን በአንድ ደብተር ቢመዘግቡ ለእርስዎ የሚስማማውን ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ። በየሦስት ወሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ እወጋለሁ። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ ከጀመርሁ ወዲህ የወር አበባዬ ጠፋ። እግር ጉዞውን ልተወው?
(የቤት እመቤት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እመቤቴ፣ እግር ጉዞውን አይተዉ። የወር አበባዎን ያስቀረው መርፌው ነው፤ በየሦስት ወሩ ከሚወጉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ በዓመቱ የወር አበባቸው ይቆማል። ይህ የሚጠራቀም ደም አለ ማለት ሳይሆን በማኅፀን ውስጥ የሚፈስ ሽፋን አላደገም ማለት ነው። መርፌው የአጥንትን ጥግግት በመጠኑ ስለሚቀንስና ሲተዉት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚመለስ፣ የጠዋቱ ጉዞ እንዲያውም ይጠቅምዎታል። የመርፌው ቀጠሮ አልፎብዎት ከነበረ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው አስቀድመው የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። መርፌውን ትተው ልጅ መውለድ ቢፈልጉ ዑደቱ እስኪመለስ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ማቆሚያውን ከጤና ባለሙያ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።